ሦስተኛው በግ

ጥር 3 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ዓርብ

የጎረቤቴ የእትዬ ሸዋረጋ እግር እንደገና አብጧል። ጠዋት በአጥሩ በኩል ብጣራቸው ድምፃቸው ከጓዳ ነው የመጣው፤ ሳልም አለበት። ሐኪም ጨው ተዉ ብሏቸዋል። «ጨው ከተውሁማ ምን ቀረኝ፣ ሂንዴ?» አሉኝ። ምራታቸው ደግሞ ዛሬ ነገ የምትባል እርጉዝ ናት። ልጃቸው በላቸው ወንድ ከሆነ «ድል በትግል» ነው የምለው ብሏል፤ እሳቸው የአባታቸውን ስም ነው የሚሹት። «ስሙስ ይሁን፤ ክርስትና ሳይነሳ እንዳይቀርብኝ እንጂ» ብለው አለቀሱ። አብሽሩ ብዬ ትንሽ ቆየሁ።

በላቸው የቀበሌያችን ጸሐፊ ነው። ሰው ይፈራዋል። እኔ ግን አሁንም የማየው ያን ንፍጣም ልጅ ነው። እናቱ ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ እኔ ቤት ነው ያደገው። አደራ ብለውኝ ነበርና የእኛን ሥጋ አንድ ቀን አላስነካሁትም። ሑዳዴ ሲገባም ልጁ እንዲጾምላቸው ብለው፣ የሽምብራ አሳ አሠራር አልጋቸው ላይ ሆነው አስተማሩኝ፤ የሽምብራ ዱቄት በዘይት ለውሶ፣ ጠብሶ፣ ቆራርጦ በርበሬው ውስጥ መጨመር ነው። ባሌ አብዱልወሀብ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «የእስላም ሴት የክርስቲያን ልጅ ታስጾማለች» እያለ ሲስቅብኝ ይውል ነበር። «አንቺ ዝም ያልሽ ቀን ሱቁ ይዘጋል» ይለኝም ነበር።

ይኸው፣ ወሬ ከጀመርሁ አላቆምም። ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚሁ ነው። አፌን ልዘጋ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ አፍ ሲዘጋ እጅ ይከፈታል መሰለኝ። ምክንያቱን ዛሬ አልጽፍም። ፈራሁ።

ጥር 4፣ ቅዳሜ

እሺ፣ ልጻፈው።

የጓሮዋን ክፍል የተከራዩኝ መምህር ወርቅአፈራሁ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። እንግሊዝ አገር ድረስ ሄደው የአይሁድን ታሪክ ያጠኑ ሰው። የተወለዱት ወገራ ነው፤ አባታቸው ቀጥቃጭ፣ እናታቸው ሸክላ ሠሪ። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ ይኼ ስም ወጣላቸው፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ባሕር ማዶ። ተመልሰው ለትልልቅ ተማሪዎች ከባቢሎን ጀምሮ ያስተምሩ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ «ይኼ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይጠቅማል?» ተባለና ወደ ደሴ ተላኩ። የጻፉትን ሁሉ በዚያ በክፉው ጊዜ በገዛ እጃቸው አቃጠሉት። አሁን አይጽፉም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሱቄ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይነግሩኛል። እኔ አቡጀዲ እየለካሁ የባቢሎኑን፣ የየመኑን፣ የእስፓኙን አይሁድ ሁሉ እንደ ጎረቤት አወቅሁ። «ወይዘሮ ሂንድ፣ እርስዎ ከተማሪዎቼ ሁሉ ይበልጣሉ» ይሉኛል፤ «እነሱ ዓመተ ምሕረቱን ነው የሚጠይቁኝ፤ እርስዎ ሚስትየው ምን አለች ይላሉ።» ታዲያ ሚስትየው ምን እንዳለች ካልታወቀ ታሪክ ምኑ ነው?

ዛሬ ምድጃቸው አልተለኮሰም። ቅዳሜ ቅዳሜ ይበላሻል። እኔም ዓርብ ከመምሸቱ በፊት ምስር ሠርቼ እሰጣቸዋለሁ። ቀዝቃዛ ነው የምወደው ይላሉ። የሰው አመል ብዙ ነው።

ከገና ማግሥት ሬዲዮኑ ስለ ፈላሾቹ ተናገረ። በሱዳን በኩል በድብቅ ወደ እስራኤል ተወሰዱ አለ። መምህር ፈላሻ አይሉም፤ ቤተ እስራኤል ነው የሚሉት። ሱቁ ውስጥ ከሬዲዮኑ አጠገብ ቆመው ነበር። ፊታቸውን አየሁት። እንደዚያ ያለ ፊት ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ሳይሳፈር መንገድ ዳር የቀረ ሰው፣ መኪናው አቧራውን ጥሎበት ሲያልፍ።

አሁን የእኔን ጉድ ልጻፍ። ኅዳር ላይ ለአብዱልወሀብ ሰደቃ አወጣሁ። ረሀቡ ከየገጠሩ ያመጣው ሰው ደሴን ሞልቶት ነበርና አብዛኛው ለእነሱ ነው የሄደው። እንደ አገራችን ወግ ሁለት በግ ታረደ። የእኛን ሸኹ አረዱ፤ የክርስቲያን ጎረቤቶቼን በላቸው ካድሬነቱን ለአንድ ቀን ረስቶ በስመ አብ ብሎ አረደ። ሁለት ድስት፣ ሁለት ማዕድ። መምህር ከክርስቲያኖቹ ጋር ተቀመጡ፤ ሽሮውን ብቻ በሉ። እንግዳ ቤቴ ገብቶ ሳይበላ ሲቀር ደግሞ ሞቴ ነው። ያ ሁሉ ሰው በተቀመጠበት፣ «ምነው መምህር፣ የእኛንም አይበሉ፣ የእነሱንም አይበሉ፤ ሦስተኛ በግ ይታረድልዎ እንዴ?» አልሁ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። በላቸው ሳቀና እንደገና ዞሮ አያቸው። ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

ጥር 8፣ ረቡዕ

በላቸው ሱቅ መጣ። ክር ሊገዛ ነው ብሎ፤ ክር አልገዛም።

«እማማ ሂንድ፣ ያ ተከራይሽ ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው። ምነው?»

«ቀበሌ ለሥራ ስንጠራው ቅዳሜ ይታመማል፤ እሑድ ይድናል።»

«አንተስ ትምህርት ቤት ሳለህ ሰኞ ሰኞ ሆድህን ያምህ አልነበር?»

ሳቅ ሊል ፈለገ። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አለ። «ከላይ ቃል መጥቷል። ከውጭ ጋር የሚገናኝ፣ ከእነዚያ ወገን የሆነ ሰው ካለ አጣሩ ተብለናል። እኔ እስካሁን ምንም አላልሁም። ግን ያቺ የሦስተኛ በግ ቀልድሽ አውራጃ ድረስ ሄዳለች።»

«ማን ወሰዳት?»

«አንቺ ነሻ! ያን ሁሉ ሰው ሰብስበሽ።»

ከሄደ በኋላ ለአንዲት ገዢ አቡጀዲውን አጉድዬ ቆረጥሁባት። ተመልሳ ስትሰድበኝ ትክክል ነሽ አልኋት።

ጥር 11፣ ጥምቀት

የክርስቲያኑ በዓል ነው፤ መንገዱ ሁሉ ነጭ። መምህርም ነጠላ ለብሰው ወጡ፤ መታየት አለባቸው። ቅዳሜ መዋሉ ደግሞ በጀን፣ ዛሬ ምድጃ ያልለኮሰ ብዙ ነው። ሲመለሱ ጎረምሶች ከኋላቸው «ሦስተኛው በግ መጣ! ባአ! ባአ!» ይላሉ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሷቸው። ልጆቹ አፍረው ተበተኑ፤ እኔ ሱቅ ውስጥ ገብቼ ጨርቅ መሐል ተደበቅሁ።

የእኔ ቃል ነው። ከእኔ አፍ የወጣች። አሁን እንደ ውሻ ሰውየውን ትከተለዋለች።

ጥር 14

ከመምህር ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪውን ትናንት ወሰዱት። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። መምህር በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ምንም አልነገሩኝም። እኔም ዝም አልሁ። ሱቁ እውነትም የተዘጋ መሰለ።

ጥር 16፣ ዓርብ ሊሆን ነው፣ ሐሙስ ማታ

ዛሬ አወሩ። እኔን ሊያጽናኑ ይመስለኛል፤ አቡጀዲ ስለካ ሁለቴ ስሳሳት አይተዋል።

ፖርቱጋል የሚባል አገር አይሁዶቹን በግድ አስጠመቀ አሉ። ስማቸው ተለወጠ፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ግን ጎረቤት ይሰልላል፤ የአሳማ ሥጋ ይበላሉ ወይስ አይበሉም እያለ። በዚያ አገር እያንዳንዱ ቤት የአሳማ ቋሊማ ጣሪያው ሥር ይሰቀላል። ያልሰቀለ ተያዘ፤ ተያዘ ማለት እሳት ነው። ታዲያ እነዚያ ሰዎች ምን አደረጉ? ዳቦና የዶሮ ሥጋ በነጭ ሽንኩርት አሽተው፣ አንጀት ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ልክ የአሳማ አስመስለው ሰቀሉት። ጎረቤት አየ፤ ረካ።

«አዑዙ ቢላህ፣ አሳማ!» አልሁ መጀመሪያ። ቀጥዬ፣ «ማን ነው ያሰበው? ሴት ናት መቼም።»

«መጽሐፍ አይናገርም።»

«መጽሐፍ ቢናገርም ባይናገርም ሴት ናት። ወንድ ቢሆን ጫካ ነው የሚገባው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ወር ከልባቸው ሳቁ። ጥርሳቸው ያምራል።

ጥር 20፣ ሰኞ

ኮምቦልቻ ሄጄ መጣሁ። ወንድሜ ባሽር ከአሰብ የእርዳታ እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና አለው። አደራህን፣ አንድ ሰው ረዳት አድርገህ ወደ አሰብ ውሰድልኝ፣ ከዚያ መርከብ አያጣም አልሁት። ማን እንደሆነ ሲሰማ በሩን ዘጋው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቤቴን ልታፈርሺው ነው? ልጆች አሉኝ እኮ!»

«ማንም አያውቅም፣ ባሽር።»

«አንቺ ካወቅሽ ማን ይቀራል? ደግሞስ ሐዲስ የሚነግርሽ ሰው ጠፍቶ ነው የአይሁድ ታሪክ የሚነገርሽ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «የምትወጂው ከሆነ ንገሪኝ» አለ።

«በዚህ ዕድሜዬ? ወይ ጉድ! ተከራዬ ናቸው።»

«እንግዲያስ ለተከራይ መኪናዬን አላስወርስም።»

የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ኬላ ላይ አስወርደው ፈተሹን። ከፊቴ የቆመውን ሰውዬ ለብቻ ወሰዱት። መኪናው ሳይጠብቀው ሄደ። ጫማው ሳይታሰር ነበር፤ እሱ ነው ከዓይኔ ያልጠፋው።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

በላቸው በአጥሩ በኩል ጠራኝ። እናቱ እንዳይሰሙ።

«የቅበላ ለት እናቴ ቤት ማዕድ አለ። ከአውራጃ አንድ ጓድ ይመጣል። መምህሩ ይምጣ ብሏል።»

«ለምን?»

«ለምን ትዪኛለሽ? ሥጋ ይቀርባል። ከበላ እንደማንኛውም ክርስቲያን ነው፤ ነገሩ አበቃ። ካልበላ ጓዱ ራሱ ያየዋል። ከእኔ እጅ ወጥቷል፣ እማማ። ታሟል ብትይኝ ደግሞ ቤቱ ድረስ ሥጋውን ይዞ ይመጣል።»

ፊቱ ገርጥቷል። እሱም የሚፈራው አለ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ይብስ ፈራሁ።

ለመምህር ነገርኋቸው። «እበላለኋ» አሉ። «ሥጋ ነው፤ ይዋጣል። ስንቱ ጥሬ ባጣበት አገር።»

ውኃ ሰጠኋቸው፤ ሳይጠጡ ብርጭቆውን መለሱልኝ። «እናቴ ወደ ትምህርት ቤት ስትልከኝ» አሉ፣ «ስምህንም ይለውጡት፣ ማተቡንም ይሰሩልህ፣ እሺ በል አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።»

ምን እንደለመነቻቸው አልጠየቅሁም። ገብቶኛል መሰለኝ። እዚህም አልጽፈውም።

የካቲት 1፣ ዓርብ

እንቅልፍ የለም። ምስሩን አሳረርሁ። እትዬ ሸዋረጋ በጉን ገዝተዋል፤ በዚህ ዘመን በግ የሚገኘው ለቀበሌ ሰው ነው። ግቢያቸው ታስሮ ይጮሃል።

የካቲት 4፣ ሰኞ

አዲስ የሸክላ ድስት ገዛሁ። ከገበያ፣ ከሠሪዋ እጅ፣ እሳት እንጂ ምንም ያልነካው። ይዤው ስገባ መምህር ደጃፍ ላይ ነበሩ። ድስቱን አዩት፤ በጣታቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን አዳመጡ፤ እንደ ልጅ ነገር። «ጥሩ እጅ ናት የሠራችው» አሉ። ለምን አዲስ እንደገዛሁ አልጠየቁኝም።

አስገባኋቸውና ያሰብሁትን ተናገርሁ። ቅበላ ለት ከእኔ ድስት ይበላሉ። ወጡ የሥጋ ይመስላል፤ ሽምብራ ነው። የእስላም ሥጋ ነው ካልሁ በዚያ ቤት ካለው ክርስቲያን አንድም የሚቀምሰው የለም፤ እስላም ደግሞ ከእኔ በቀር አይኖርም። ማን ሊያውቅ ነው?

«ግን የእስላም ሥጋ በአደባባይ ከበላሁ…» አሉና ቆሙ።

«ሰለሙ ይባላላ።»

«ለምን ሰለመ ሲባልስ?»

ይህን ስናገር ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። «ባል የሞተባት ሴትና ተከራይዋ ናቸው፣ መምህር። ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም።»

መጀመሪያ ድስቱን አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ፤ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ። «ፖርቱጋልን ደሴ አመጣሻት!» አሉ። «አንድ የውሸት ስም ነበረኝ፤ ሁለተኛ ሊጨመርልኝ ነው። የእኔስ ይሁን። ያንቺ ስምስ፣ ሂንድ?»

አንቺ አሉኝ። ምናልባት አላስተዋሉትም ይሆናል።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ሞከርሁት። ኮረሪማ ጨመርሁ፣ ቅቤ ጨመርሁ፣ በርበሬውን እስኪጠቁር አቁላላሁት። ሲያዩት የሥጋ ወጥ ነው። አጥንት የለውም! አጥንት የሌለው በግ ማን ያምናል? እዚያ ድስት ውስጥ ደግሞ አጥንት መክተት አይሆንም። አጥንቱን ለተራቡት ልጆች ሰጠሁት እላለሁ። ያረቢ፣ ይቅር በለኝ።

የካቲት 10፣ ቅበላ

ልሄድ ነው። ድስቱ በጨርቅ ታስሯል። እሱ፣ መምህር ማለቴ፣ ቀድሞ ሄዷል።

ይህን ደብተር በርበሬ እንስራ ውስጥ እከተዋለሁ።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ሑዳዴ ገባ። የክርስቲያን ጾም ሲገባ እንዲህ አልሐምዱሊላህ እላለሁ ብዬ መቼ አስቤ አውቃለሁ?

ትናንት ድስቱን ታቅፌ እትዬ ሸዋረጋ ቤት ገባሁ። ጓዱ መሐል ተቀምጧል። አስፈሪ ሰው ጠብቄ ነበር፤ ጉንፋን የያዘው፣ ትሑት፣ አፍንጫውን በመሐረብ የሚጠርግ፣ ለእናትየው ብድግ ያለ ሰው ነው። ይኼ ይበልጥ አስፈራኝ። በላቸው ከጎኑ፤ መምህር ፊት ለፊቱ።

ሥጋው ቀረበ። «ይጀምሩ እንጂ መምህር፤ ነገ ሑዳዴ ነው» አለ ጓዱ። ቤቱ ሁሉ የመምህርን እጅ ያያል።

«ቆይ፣ ቆይ!» ብዬ ገባሁ መሐል። ያ አፌ መጣልኝ። «ምን ሆናችኋል? ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው የሚበሉት ከእኔ ድስት ነው!» ድስቴን ፊታቸው አስቀመጥሁ።

እትዬ ሸዋረጋ አፋቸውን ያዙ። «ሂንዴ! ምን ማለትሽ ነው?»

«ማለቴማ ማለቴ ነው፣ እትዬ። ኅዳር ላይ ገና ሲያመነቱ ነበር፤ ለዚህ ነው ከሁለቱም ያልነኩት። እኔ ሞኟ ሦስተኛ በግ ብዬ አሾፍሁባቸው። አሁን ቆርጠዋል።»

አንዱ ጎረቤት በሳቅ ፈነዳ። «ወይ መምህር! እኛ ታሪክ የሚያጠኑ መስሎን!» ሌላው ቀጠለ፦ «በርጩማው ተሰባብሯል እኮ እዚያ ሱቅ ደጃፍ!» አንዲቱ ሴት ደግሞ ቀስ ብላ፣ እኔ እንድሰማ አድርጋ፣ «በስተርጅና!» አለች።

መምህር ጎረሱ። አንዴ፣ ሁለቴ። ዓይናቸው ከዓይኔ አልተነሳም።

ጓዱ ድስቱን ጎንበስ ብሎ አየ። «አጥንት የለውም» አለ።

«አጥንቱንማ ልጆቹ ወሰዱት፤ በራፌ ላይ ስንት የተራበ ልጅ አለ መሰለዎት!»

«ጥሩ አደረጉ» አለ። አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ ወደ በላቸው ዞሮ ፈገግ አለ። «ጓድ በላቸው፣ አንተ መቼም የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ የምትል ሰው አይደለህም። የፓርቲ ሰው ነህ። እስቲ ቅመስና ጣዕሙን ንገረን።»

ክርስቲያን አይቀምሰውም፣ እስላም አይገኝም ብዬ ሁሉን አስልቼ፣ ሁለቱንም አይደለሁም የሚለውን ልጅ ረስቼው ነበር። ምሰሶውን ያዝሁ።

በላቸው እናቱን አየ። እሳቸው በዓይናቸው ይለምኑታል። ጓዱን አየ። እጁን ሰደደና ትልቁን ቁራሽ ጎረሰ።

ያ ልጅ ሲያኝክ ስንት ዓመት ያየሁት ነኝ። የሚወደውን ሲበላ ዓይኑን ይጨፍናል። ትናንትም ጨፈነ። ሲገልጠው ያየው እኔን ነው። አወቀ። ወላሂ፣ አወቀ።

«እህስ?» አለ ጓዱ።

በላቸው አኘከ። ዋጠ። «የእማማ ሂንድ በግ ነው» አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ትንሽ ጠንከር ብሏል፤ ያረጀ በግ ሳይሆን አይቀርም።»

ሳቅ ሆነ። ጓዱም ሳቀ፤ ስለ ረሀቡና ስለ ሰፈራው ማውራት ጀመረ። እትዬ ሸዋረጋ ብቻ ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ጓዳ ገቡ።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

እትዬ ሸዋረጋ ልጃቸው የነካውን ዕቃ ሁሉ ለይተውበታል። ቄስ አስመጥተው ቤቱን ጠበል አስረጩ። ዛሬ በአጥሩ በኩል ብጣራቸው ቆዩ፤ ከዚያ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ አለ» አሉኝ። «ሰምተሽዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ! እኔ አልጋ ላይ ሆኜ አደራ ስልሽ፣ አንቺ ሥጋሽን ታበዪልኝ ነበር? ምነው ሂንዴ? ምን አደረግሁሽ?»

ሽምብራ ነው። አንድ ቃል ናት። ልጅዎ ያኔም አሁንም የበላው እርስዎ ያስተማሩኝን ነው። ቃሏ ምላሴ ላይ መጥታ ቁጭ አለች። እኔ ወሬ ያልቻልሁ ሴት፣ እኔ ሂንድ፣ ዋጥኋት።

«ይቅር ይበሉኝ» አልሁ። ጀርባቸውን ሰጡኝ። ሳላቸው እስከ ማታ ይሰማኝ ነበር።

በላቸው በደጄ ሲያልፍ አላየኝም። እናቱን ስለ እኔ ተከራይ ብሎ አጣ። ለምን እንዳደረገው አላውቅም። በልጅነቱ ስላጎረስሁት ሽምብራ ነው ልበል?

የካቲት 20፣ ረቡዕ

ዛሬ ቤቴ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ።

ጠዋት የሰፈር ሴቶች «መብሩክ» ሊሉኝ መጡ። ኒካሁ መቼ ነው አሉኝ፤ ከረመዳን በፊት ኢንሻአላህ አልሁ። አንዷ «ስገድ ስትዪው ወዴት እንደሚዞር ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከዙህር ሶላት በኋላ እትዬ ሸዋረጋ ራሳቸው መጡ። አልተቀመጡም። ምራታቸው በሰላም ተገላገለች፣ ወንድ ነው። «በላቸው ስሙን ገብረ ማርያም አለው፤ የአባቴን ስም» አሉ። «ክርስትናውንም ይነሳ ብሏል። ምን እንደነካው እንጃ።» ደጃፉ ላይ ቆመው ቆዩና፣ «ከእሱ ጋር ግን እስካሁን አልቆረስሁም» ብለው ሄዱ።

ዐስር ሶላት ላይ በላቸው መጣ። ክር ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ግራ ቀኝ አየና፣ «እማማ ሂንድ፣ እንግዲህ ሑዳዴ ነው፤ የሽምብራ አሳሽን ማንም ቢያይ ችግር የለም» አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ «ጓዱ የፋሲካ ለት እመለሳለሁ ብሏል። አዲሱ እስላም የራሱን በግ ሲያርድ፣ ቢስሚላህ ሲል ማየት እፈልጋለሁ ነው ያለው። ለፋሲካ ሌላ ነገር አስቢ። እኔ ሁለተኛ አልቀምስም» አለኝ። ክሩን ባንኮኒው ላይ ረስቶት ሄደ።

መምህር ከትምህርት ቤት ሲመለስ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። በላቸው ያለውን ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቼ፣ «እነዚያ የፖርቱጋሎቹ መጨረሻቸው ምን ሆነ?» አልሁት።

«ከፊሎቹ ተያዙ። ከፊሎቹ መርከብ አገኙ። የቀሩት ልጅ ልጆች ዛሬም ያንን ቋሊማ ይሠራሉ አሉ፤ ለምን እንደተጀመረ የሚያስታውስ ግን የለም።»

«ሚስትየውስ ምን አለች?»

«የትኛዋ?»

«መርከብ ያገኘው ሰውዬ ሚስት። አብራ ያልሄደችው።»

አየኝ። በርጩማውን ወደ እኔ ጠጋ አደረገ።

መግሪብ ሲል ባሽር ከኮምቦልቻ መጣ። ወሬው ደርሶታል። ገና ከበሩ፣ «ያለ እኔ ማን ዳረሽ? ወንድም የለሽም?» እያለ ጮኸ። ጓዳ አስገብቼ ከድስቱ አቀመስሁት። አኘከ። ቆመ። እንደገና አኘከ። «ይኼማ ሽምብራ ነው» አለ። ከዚያ ሁሉን ነገርሁት፤ እንባዬም መጣ። እሱ ግድግዳውን እያየ ድስቱን እስኪያልቅ በላ።

ሲወጣ መምህር በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ባሽር ከላይ እስከ ታች አየው።

«ረዳቴ ታሟል» አለው። «የዱቄት ጆንያ መሸከም ትችላለህ?»

«እለምዳለሁ።»

«በቀጣዩ ጭነት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ድምፁ ያ የልጅነት ድምፁ ነበር። «ፋሲካ መጥተው ሲጠይቁሽ፣ ባሌ አሰብ ሥራ ላይ ነው በያቸው።»